ሁለቱ የቶሎሳ ልጆች

ጂቱ ስትደውል ድንቅቱ ቶሎሳ የአበባ እርሻው ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ቆማ ነበር። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ጽጌረዳ ሙቀት ስለማይወድ ሠራተኞቹ በበጋም ሹራብ ደርበው ይውላሉ።

«እሁድ ሊመጡ ነው» አለች ጂቱ።

«እነማን?»

«ሽማግሌዎቹ። የኤልቃና ቤተሰቦች ልከዋቸው።»

ድንቅቱ በዚያ ብርድ ውስጥ አንገቷ ሲግል ተሰማት። «ይምጡ፤ በደስታ ነው በያቸው» አለች።

ጂቱ ልጇ ናት። ቡራዩ በሚገኝ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ኤልቃና የቡራዩ ልጅ ነው፤ የቤት ኤሌክትሪክ ይዘረጋል። ድንቅቱ ሁለት ጊዜ አይታዋለች። ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነው። አልጠላችውም።

«ማን ይቀበላቸዋል?»

«አጎትሽ።»

«ቆጠራውስ?»

«ሥራ አለብኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በዚህ አገር ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ከሁሉም በፊት የሚያጣሩት ዘር ነው። በልጁም በልጅቷም በኩል በአባት መስመር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በመሐል አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፤ ትምህርትም ሀብትም ፍቅርም አያድናቸውም። ለዚህ ሲባል ልጆች ገና አፋቸውን ሲፈቱ ሰባቱን ስም እንደ መዝሙር ይለማመዳሉ።

ጂቱ አልተለማመደችም። የእሷና የእናቷ መታወቂያ ጎን ለጎን ቢቀመጥ እንዲህ ይነበባል፤ ድንቅቱ ቶሎሳ ጉርሙ፣ ጂቱ ቶሎሳ ጉርሙ። ወረቀት ብቻ የሚያይ ሰው እህትማማቾች ናቸው ይላል።

ነገሩ የተጀመረው ድንቅቱ ባደገችባት ከተማ፣ ተጂ ነው። ድንቅቱ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ነገሳ የሚባል የሱሉልታ ሰው በአይሱዙ እየመጣ ጤፍና ሽምብራ ይጭን ነበር። ስታረግዝ አባቷ ቶሎሳ ሽማግሌ ሰብስቦ ሱሉልታ ላከ። ነገሳ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ «አላውቃትም፤ ልጁም የኔ አይደለም» አለ። ሽማግሌዎቹ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ። ቶሎሳ ልጁን አልመታትም፤ አልሰደባትም። ሕፃኗ ስትወለድ ግን «በእኔ ስም ትጠራ፤ ያለኝ ስም ለእሷም ይበቃል» አለ። ደግ ሰው ነበር። ድንቅቱ ያን ቀን የአባቷን ጉልበት ሳመች። ስሙ መሸፈኛም እንደሆነ የገባት ቆይቶ ነው።

ቶሎሳ ሲሞት ጂቱን ይዛ ሰበታ ወረደች። አበባ እርሻ ገባች፤ አንዲት ክፍል ተከራየች። በኋላ ሁለት ክፍል ሆነ። በሕይወቷ ያፈረችበትን ነገር ብትጠየቅ ግን ከነገሳ ጋር የሆነውን አትጠቅስም። የምታስበው ስለ አንድ የትምህርት ቤት ስብሰባ ነው።

ጂቱ ሁለተኛ ክፍል እያለች ወላጅ ተጠራ። መምህሩ ስም መዝገቡን አየና ቀና አለ። «ጂቱ ቶሎሳ። አንቺ ድንቅቱ ቶሎሳ። እህቷ ነሽ ማለት ነው? እናትየዋ ለምን አልመጣችም?»

ክፍሉ በወላጅ ተሞልቷል። ወንዶቹ ኮት ለብሰዋል፤ ሴቶቹ ባሎቻቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ድንቅቱ ጂቱን እጇን ይዛት ነበር።

«አዎ» አለች፣ «እህቷ ነኝ።»

ጂቱ ቀና ብላ አየቻት። አላለቀሰችም፤ አልጠየቀችም። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን እጇን አልሰጠችም። እስከዚያ ቀን «እማ» ነበር የምትላት። ከዚያ በኋላ «ድንቄ» ሆነ። ጎረቤቱ «እንዴት ደስ ይላል፣ እንደ ጓደኛ ነው የሚኖሩት» ይላል። ድንቅቱ ፈገግ ትላለች።

ወንድሟ ካሳሁን በማግስቱ ከተጂ መጣ። ታላቋ ነው። ጤፍ ይነግዳል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የሚከበር ሰው ነው። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ነገሩን ጨርሶት እንደመጣ ተናገረ።

«ቀላል ነው። ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። የአባታችን የመጨረሻ ልጅ ናት እላለሁ። ቶሎሳን፣ ጉርሙን፣ በዳዳን እያልኩ እቆጥራለሁ። ሰባት ቢፈልጉ ሰባት፣ አሥር ቢፈልጉ አሥር።»

«እኔስ ጋሼ?»

«አንቺ ያሳደግሻት ታላቅ እህቷ ነሽ።»

«እማዬ እኮ ያኔ ሃምሳ አልፏት ነበር።»

«ሣራ በዘጠና ወልዳለች።»

ድንቅቱን ሳቅ አመለጣት። ካሳሁን አልሳቀም።

«ደሙስ?» አለች። «የነገሳና የኤልቃና ዘር አንድ ሆኖ ቢገኝስ?»

«ሱሉልታና ቡራዩ ምን አገናኛቸው?»

«የሚለያቸው አንድ ጋራ ነው።»

ካሳሁን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ። ያኔ እኔ ያጨኋት ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ስለ አንቺ ሲሰሙ ከበር መለሱኝ። ይሄን አንስቼብሽ አላውቅም። አንስቼብሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው አሁን እኔ ልናገር፤ አንቺ ዝም በይ። ልጅቷ ታግባ።»

ወንድሟ እውነቱን ነው፤ አንድም ቀን አላነሳባትም ነበር። በየበዓሉ ጤፍ ሲልክላት ግን ራሱ አይመጣም፤ በሰው ነው የሚልከው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ራቢአ ሱቅ ሄደች። ሱቁ ከድንቅቱ በር ፊት ለፊት ነው። ራቢአ የስልጤ ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሱቁን ብቻዋን ታንቀሳቅሳለች። ሰፈር ውስጥ እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ድንቅቱ የነገረቻትም አይደለም። ራቢአ ገና በመጀመሪያው ዓመት «ይቺ ልጅ ከአንቺ ሆድ ነው የወጣችው፤ አካሄዷ ይናገራል» ብላ ጉዳዩን ዘግታዋለች።

የካሳሁንን ሐሳብ ስትሰማ የስኳር ማንኪያውን ጣለችው።

«አብዷል? ሰርጉ ላይስ ማን ልትሆኚ ነው? ሚዜ?»

«እንደዚያ ነገር።»

«ነገ ስትወልድስ ልጇ ምን ይበልሽ? አክስት?»

«ራቢአ፣ አንቺ አይገባሽም።»

«ይገባኛል እንጂ። የኔ ባል ሲሞት ሰፈሩ በሙሉ ምግብ ይዞ መጣ። አንቺ ቤት ሰው የሚመጣው ለማጣራት ነው። እኔን ሞት ነው የለየኝ፤ ሰው አዘነልኝ። አንቺን ሰው ነው የተወሽ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ያንቺ ሆነ። ልዩነታችን ይሄው ነው።» ማንኪያውን አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው። «ሂጂና ነገሳን የአባቶቹን ስም ጠይቂው። ስም እንጂ ኩላሊት አልጠየቅሽው።»

«በምን ፊቴ?»

«ፊትሽ ደህና ነው። ጫማሽ ነው የሚያሳፍረው።» ከጓዳ የራሷን ጥቁር ጫማ አመጣች። ጠባብ ነበር። ድንቅቱ እንደምንም አስገባችው።

ሚኒባስ እየቀያየረች አዲስ አበባን አቋርጣ፣ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ጋራውን ወጥታ ሱሉልታ ገባች። ንፋሱ ይጋረፋል። ሜዳው ላይ የድርቆሽ ክምር ተደርድሯል። የአይሱዙ ሹፌሩ ነገሳ የት ነው ብላ ስትጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ባለጋሪ «ነገሳ ባለወተቱን ነው?» ብሎ አንድ የቆርቆሮ በር አሳያት።

የከፈተችላት ሴት የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ ባልዲ ይዛለች።

«አካም» አለች ድንቅቱ። «ኦቦ ነገሳ አሉ?»

«ለግብር ከሆነ ላሞቹ ታመዋል።»

«ለግብር አይደለም። ከሰበታ ነው የመጣሁት። ድንቅቱ እባላለሁ።»

ሴትየዋ ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። «የተጂዋ» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ጠጅቱ ትባላለች፤ የነገሳ ሚስት ናት። መንገዱን ለቀቀችላት።

ነገሳ ራዲዮ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሸብቷል፤ አንድ እግሩን ያነክሳል። ሲያያት ተነሣ፤ የሚያደርገው ሲጠፋው ደግሞ ተቀመጠ። ድንቅቱ በየሌሊቱ ስታስበው የኖረችው ሰው ረጅምና አፈ ጮሌ ነበር። ይሄኛው መነጽሩን በክር ያሰረ ሽማግሌ ነው።

«ጂቱ ልታገባ ነው» አለችው።

«ጂቱ ማናት?»

እየቀለደ አልነበረም። ስሟን አያውቀውም። ማንም ነግሮት አያውቅም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም። በሩ ላይ የቆመችው ጠጅቱ በአፍንጫዋ ሳቀች።

«በላ!» አለችው፣ «ጂቱ ማን ትሆናለች? ጊደር መሰለችህ?»

ነገሳ ራዲዮውን አጠፋው።

ድንቅቱ ቶሎ መጨረስ ፈለገች። «ሽማግሌ ነገ ይመጣል። ሰባት ቤት ይቆጠራል። የአንተን ስጠኝና እሄዳለሁ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ነገሳ» ብሎ ጀመረ፣ «ደበላ፣ ጉተማ፣ ሮባ…» ቆመ። ግንባሩን አሸ። «ሮባ… ቆይ… ሮባ…»

«የወተት ደንበኛ ቢሆን አንድም አይረሳም ነበር» አለች ጠጅቱ። ወደ ግቢው ዞራ ተጣራች። «ሐኒ! ነይ እስቲ!»

አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ድንቅቱ አየቻትና መሬት አየች። ግንባሩ የጂቱ ነው። ወጣ ያለ፣ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ግንባር። ጂቱ በልጅነቷ «ይሄን ከማን ነው ያመጣሁት?» ብላ ጠይቃት ታውቃለች። ድንቅቱ ከአያቴ ነው ብላት ነበር።

«ቁጠሪ» አለቻት እናቷ።

«ለማን?»

«ለእህትሽ።»

«እህት የለኝም እኮ።»

«አለሽ። ቁጠሪ።»

ሐኒ እናቷን አየች፤ አባቷን አየች፤ እንግዳዋን አየች። ከዚያ ክፍል ውስጥ እንደምትቆም ተማሪ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ በዜማ ወረደችው። «ሐኒ ነገሳ፣ ነገሳ ደበላ፣ ደበላ ጉተማ፣ ጉተማ ሮባ፣ ሮባ ቱፋ፣ ቱፋ ጃርሶ፣ ጃርሶ ሶርሳ!» መጨረሻዋን ከፍ አደረገችው፤ እንደዚያ ነው የሚለመደው።

ድንቅቱ እንድትደግምላት ለመነቻት። ልጅቷ ደገመች። ድንቅቱ ተከተለቻት፤ ሮባ ላይ ስትሳሳት ሐኒ አስቆመቻት።

«ከመሐል አይጀመርም፤ ይጠፋብሻል። ከላይ ነው የሚጀመረው።»

አርባ ያለፋት ሴት የሰው ሳሎን ውስጥ ቆማ፣ የካዳትን ሰው አያቶች ከልጁ አፍ ተማረች። ጠባቡ ጫማ ተረከዟን ልጦት ነበር።

ነገሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ ልምጣ» አለ። «ኮት አለኝ። መጥቼ እንደ አባት ልቀመጥ። ልጅቷም አትዋረድ፣ አንቺም አትዋረጂ። ያኔ እኮ ልጅ ነበርኩ።»

ድንቅቱ ይህን ዓረፍተ ነገር ስትጠብቀው ኖራለች። መልሱንም አዘጋጅታ ነበር፤ ልጅ አልነበርክም፣ በሰው ፊት ካድካት የሚል። አፏን ከፈተች። የመጣላት ግን የትምህርት ቤቱ ክፍል ነው፤ ኮት የለበሱት ወንዶች፣ መምህሩ፣ እጇ ውስጥ ያለችው ትንሽ እጅ። እሱ ሲክድ ልጅቷ ገና አልተወለደችም ነበር። እሷ ስትክዳት አጠገቧ ቆማ ትሰማ ነበር።

መልሱን የሰጠችው ጠጅቱ ናት። «ስሙን ውሰጂ» አለቻት፣ «ሰውየውን ግን ተዪልኝ። ለናንተ አንድ ቀን ቢጠቅም ነው፤ እኔ ጋ ላም ያልባል።»

ስትወጣ ጠጅቱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ወተት ሰጠቻት። ድንቅቱ አልፈልግም ልትል ነበር። ወተት እምቢ አይባልም። ክዳኑ አልተጠበቀም ኖሮ ሚኒባሱ ውስጥ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። አጠገቧ የተቀመጠ ልጅ አፍንጫውን ያዘ። ስሞቹን በልቧ እየደጋገመች ጋራውን ወረደች።

ቤት ስትደርስ ጂቱ ወለል እያጠበች ነበር።

«የት ሄደሽ ነው ድንቄ?»

«ሱሉልታ።»

ጂቱ መወልወያውን አቆመች። «አየሽው?»

«አየሁት።»

«ምን አለ?»

ስምሽን አያውቀውም ልትላት አልቻለችም። «ሰባቱን ስም ተቀብዬ መጣሁ። እህት አለሽ። ሐኒ ትባላለች። ግንባርሽን ይዛለች።»

ጂቱ እጇን ወደ ግንባሯ ወሰደች፤ ወዲያው መለሰችው። ወለሉን መጥረግ ቀጠለች።

«ጋሼ ካሳሁን ደውሎልኛል» አለች። «እህትሽ ነኝ እንድል። እሺ አልኩት።»

«ለምን እሺ አልሽ?»

«ለምጄዋለሁ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የደም ውጤት እንደምትናገር ነው የተናገረችው። ድንቅቱ ይቅርታ ማለት ፈለገች። ቃሉን ታውቀዋለች፤ በየቀኑ ለማታውቃቸው ሰዎች ታክሲ ውስጥ ትለዋለች። አልወጣ አላት። የራቢአን ጫማ ይዛ ወጥታ ጭቃውን ስታጥብ አመሸች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። መሪያቸው ኦቦ ዋቆ የኤልቃና አባት ታላቅ ወንድም ነው፤ ከዘራ የያዘ፣ ቁመቱ በሩን የሚሞላ አዛውንት። ከኋላው ቀጭን ሽማግሌና አንድ ዝምተኛ ሰው ተከተሉ። ካሳሁን ከራቢአ ሱቅ የመጣው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቆሞ የመጣበትን ይናገራል፤ ልጅቷን የሚሰጠው ሰው ተቀመጡ ካለ ይቀመጣል። ሌላ ሰው ተቀመጡ ቢል አይሰማም።

ኦቦ ዋቆ ቆሞ ተናገረ። ልጃችን ልጃችሁን ወዷል፤ ልጅ ሁኑን፣ ልጅ እንሁናችሁ አለ። ካሳሁን «ተቀመጡ» አለ። ተቀመጡ።

ድንቅቱና ጂቱ ጓዳ ናቸው። ከሳሎኑ የሚለያቸው መጋረጃ ነው። ጂቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ድንቅቱ ለስላሳና ብርጭቆ የያዘ ትሪ ይዛ ቆማለች።

ኦቦ ዋቆ የኤልቃናን ሰባት ቤት ቆጠረ። ድንቅቱ እያንዳንዱን ስም ከሐኒ ስሞች ጋር አስተያየች። አንድም አልተገናኘም። እፎይ አለች። አሁን ካሳሁን የፈለገውን ቢል ደም አይበላሽም። ዝም ብትል ማንም አይጎዳም፤ እንደዚያ ነበር ያሰበችው።

«የእናንተን እንስማ» አለ ኦቦ ዋቆ።

«ጂቱ የአባታችን የመጨረሻ ልጅ ናት» አለ ካሳሁን። «ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ድንቅቱ ናት። ጂቱ ቶሎሳ፣ ቶሎሳ ጉርሙ፣ ጉርሙ በዳዳ…»

ድንቅቱ ጂቱን አየቻት። ጂቱ ጣቶቿን ታያለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ድንቅቱ ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት መንገዱን በሙሉ ያየችው ፊት ነው። የሚያልፍ ነገር እስኪያልፍ የሚጠብቅ ሰው ፊት።

ትሪውን አልጋው ላይ አስቀመጠችና መጋረጃውን ገለጠች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለች። «የቆጠርከው የኔን ነው።»

ካሳሁን አልዞረም። «ድንቅቱ፣ ግቢ።»

«ቆጠራ ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም» አለ ቀጭኑ ሽማግሌ።

ኦቦ ዋቆ ከዘራውን ወለሉ ላይ አቆመ። «ተዋት። አንቺ ማን ነሽ?»

«እናቷ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቶሎ ቶሎ ተናገረች፤ ብትዘገይ እንደምትመለስ ታውቅ ነበር። «ቶሎሳ አባቴ ነው። ጂቱን በስሙ አስጠራት። የአባቷን ልቁጠርላችሁ። ጂቱ ነገሳ፣ ነገሳ ደበላ፣ ደበላ ጉተማ፣ ጉተማ ሮባ፣ ሮባ…»

ጠፋባት። ወንድሟ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ከመሐል አይጀመርም። እጆቿን ወደ ኋላ አደረገችና እንደ ሐኒ ከላይ ጀመረች፤ ዜማውንም ጭምር። ጃርሶ ሶርሳ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከፍ አለ። ዝምተኛው ሽማግሌ ሊስቅ ሲል ራሱን ገታ።

ኦቦ ዋቆ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለቱን መስመር አስተያየ። «አይገናኝም» አለ። «አባትየው በሕይወት አለ?»

«አለ ኦቦ። ሱሉልታ።»

«ታዲያ ለምን እዚህ አልተቀመጠም?»

«ሳላገባ ነው የወለድኳት። እሱም በሽማግሌ ፊት ካዳት። ትናንት ልምጣ ብሎኝ ነበር፤ አላመጣሁትም።» እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። «እኔም ክጃታለሁ። ትምህርት ቤት ተጠርቼ እህቷ ነኝ ብያለሁ፣ እሷ እየሰማች። ወንድሜ ዛሬ የተናገረው ከዚያ የመጣ ነው። ጥፋቱን በእሱ ብቻ አታድርጉት።»

ቀጭኑ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄን ሳንሰማ ብንሄድ ይሻለን ነበር።»

ኦቦ ዋቆ ተነሣ። ሌሎቹም ተነሡ። «ወጣ ብለን እንመካከር» ብሎ እየመራ ወደ ግቢው ወጣ።

ካሳሁን ከወንበሩ ሳይነሣ «አሁን ደስ አለሽ?» አላት።

«አላለኝም።»

እውነቷን ነው። አንገቷ ይነድዳል። በመስኮቱ የቀጭኑ ሽማግሌ እጅ ሲወራጭ ይታያል። ጎረቤቶች አጥሩ ጋ ቆመዋል። ልጇን ከትዳር ያስወጣቻት መሰላት። ወደ መጋረጃው ዞራ ጂቱን ለማየት አልደፈረችም።

«የኔንም አበላሽተሽ ነበር» አለ ካሳሁን። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ ለራሱ በሚመስል፣ «የትምህርት ቤቱን አልነገርሽኝም» አለ።

«ለማንም አልነገርኩም።»

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አልተቀመጡም። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ቆሙ። ካሳሁን ሊናገር ተነሣ፤ ኦቦ ዋቆ ግን አልፎት ድንቅቱን አያት።

«ሁላችንም ተስማምተናል ብዬ አልዋሽሽም» አለ። «ይሄ ወንድሜ ቅር ብሎታል። የልጁ እናትም ስትሰማ ታጉረመርም ይሆናል። ግን ሰባት ቤት የምንቆጥረው እውነቱን ለማወቅ ነው፤ እውነቱን ሰምተናል።» ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንግዲህ ጉልበቴ ያመኛል። እንቀመጥ ወይስ እንሂድ?»

ድንቅቱ ወንድሟን አየችው። ልማድ ነው፤ ሰው ሲጠይቃት ሁልጊዜ ዓይኗ ወንድ ይፈልጋል። ካሳሁን ወለሉን እያየ ነበር። ቀስ ብሎ ከባለመደገፊያው ወንበር ጎን ፈቀቅ አለ።

«ተቀመጡ» አለች ድንቅቱ።

ኦቦ ዋቆ ተቀመጠ። ዝምተኛው ተከተለ። ቀጭኑ ትንሽ ቆየና እያቃሰተ ተቀመጠ። ድንቅቱ ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። መደገፊያውን በአንድ እጇ ይዛ ቆመች።

መጋረጃው ተገለጠ። ጂቱ ትሪውን ይዛ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ ለስላሳውን ቀዳች። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

«ድን…» ብላ ጀመረች። ዋጠችው። በምትኩ ሌላ ስም አልጠራችም።

«ብርጭቆ አነሰ» አለች።

«ከራቢአ ቤት አምጪ» አለቻት እናቷ። «ጫማዋንም በዚያው መልሺላት። በር ላይ ነው ያለው።»